የኋላው ነፋስ

ጣሂራ ከሱቅ ስትመለስ መጀመሪያ የሰማችው ድምፁን ነው። እሱም ድምፅ ከተባለ! የግቢው ቆርቆሮ አጥር ይርገፈገፋል፣ የጎረቤት ዶሮዎች ማንጎው ላይ ወጥተው ቀርተዋል፣ መሬቱ ራሱ ከጫማዋ ሥር ይደልቃል። የግቢውን በር ገፍታ ስትገባ ላንድክሩዘሯ የኋላ በሯን ከፍታ ቆማለች። ባሏ ዓብዱልላጢፍ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ትከሻውን ያወዛውዛል፤ ታናሽ ወንድሙ ሙርሳል ደግሞ እስከ ወገቡ መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ሽቦ ያያይዛል። ሁለቱም ደስ ብሏቸዋል። አዲስ ልብስ እንደተገዛለት ሕፃን ደስ ብሏቸዋል።

ከማንጎው ሥር፣ ማዳበሪያ ጆንያ ላይ፣ የተጠማዘዙ ቱቦዎች፣ አቧራ የጠጣ ማራገቢያና አንድ ባለ ብዙ ቅጠል ብረት ተዘርግተዋል። ጣሂራ አየቻቸውና ወደ ጆንያው ጎንበስ አለች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ሙርሳል ሙዚቃውን ቀነስ አደረገና ጥርሱን አሳያት። «የኋላው ኤሲ ነዋ፣ እህቴ! ዝም ብሎ ቦታ ይዞ ተቀምጦ ነበር። አወጣነውና አምፕሊፋየሩን በሱ ቦታ አስገባን፤ ትልቁም የቤዝ ሳጥን ከኋላ ተመቻቸ። ወላሂ፣ አሶሳ ውስጥ እንዲህ የሚያንቀጠቅጥ መኪና ካለ ጺሜን ተላጭቼ ገበያ መሃል እቆማለሁ!»

«ማን አውጡት አላችሁ?»

«አንቺ ደግሞ!» አለ ዓብዱልላጢፍ፣ ዓይኑን ከድምፅ ማጉያው ሳይነቅል። «ማን ይጠቀምበታል? ማንም አይጠቀምበትም እኮ።»

ማንም! እስቲ እናንተው ፍረዱ።

በዚህ ቤት መኪና ውስጥ የመቀመጫ ሥርዓት አለ። ማንም አላወጀውም፣ ግን ሁሉም ያውቀዋል። መሪው የዓብዱልላጢፍ ነው። ከጎኑ ወንድሙ ይቀመጣል፤ ወንድሙ ከሌለ እንግዳ፤ እንግዳ ከጠፋ መንገድ ላይ የተገኘ ሱሪ የለበሰ ሰው ሁሉ። ሴት ከኋላ ናት። መኪናዋ ከተገዛች ጀምሮ ዓብዱልላጢፍ አንድ ቀን እንኳ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ አያውቅም። ስለዚህ ጣሪያው ላይ የተደረደሩትን ክብ ክብ የነፋስ መውጫዎች አላያቸውም፤ አጠገባቸው ያለችውን ትንሽ ማብሪያም አላያትም። ከኋላ ያሉት ሴቶች በበረሃው መንገድ ያለ ጩኸት፣ ያለ ላብ ሲሄዱ፣ እሱ ፊት ለፊቱ በሚነፍሰው የሚቀዘቅዙ ይመስለው ነበር። ለመሆኑ ጠይቆ ያውቃል? ኧረ የት አባቱ!

ያን ማብሪያ ስትጫነው የኖረችው ጣሂራ ናት። እንዲያውም መንዳት ከባሏ በፊት የቻለችው እሷ ናት። ሳታገባ በአንድ የእርዳታ ድርጅት ስትሠራ፣ ፒክአፕ እየነዳች ሆሞሻን አልፋ ሸርቆሌ ድረስ እህል አመላልሳለች። ካገባች በኋላ ግን «ወንድ እያለ ሴት መሪ ስትይዝ ሰው ምን ይላል?» ተባለና መንጃ ፈቃዷ ሻንጣ ውስጥ ገባ። ደግሞ መኪናዋ የተገዛችው በምን ሆነና? በሱቁ ትርፍና በእናቷ ወርቅ ነው። እናቷ ነዕማ ዕድሜዋን ሙሉ ወንዝ ዳር ጎንበስ ብላ አሸዋ እያጠበች፣ ፀሐይ ከላይ እየጠበሳት፣ ውሃው ከታች ዓይኗ ውስጥ እያንጸባረቀባት ያጠራቀመችው ወርቅ ነው። ለልጇ ሰጠቻት፣ ልጇ ለባሏ ሰጠች፣ ባሏ መሪውን ያዘ።

ያቺው ነዕማ ናት እንግዲህ አሁን ከመንደሯ የምትጠበቀው። አንደኛው ዓይኗ ጨልሟል፤ ሁለተኛው ጥላ ብቻ ይለያል። የዓይን ሞራ የሚገፍፉ ሐኪሞች አሶሳ መጥተዋል፤ ሳምንቱ ሲያልቅ ይሄዳሉ፣ መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ የለም። ጣሂራ እናቷን ለማሳመን ስንት ለምናለች! አሮጊቷ መኪና ትፈራለች። አምና ሚኒባስ ውስጥ፣ ሰው በሰው ላይ ተጭኖ፣ በመጋቢት ሙቀት ራሷን ስታ ወድቃ፣ ሆሞሻ አጠገብ መንገድ ዳር አስተኝተው ውሃ አፍስሰውባት ነው የነቃችው። ያን ቀን ሁለተኛ መኪና አልገባም ብላ ማለች። ለዒድ ግን ጣሂራ በዚችው ላንድክሩዘር ከኋላ አስቀምጣ ማብሪያዋን ተጫነችላት። ነዕማ እጇን ወደ ጣሪያው ዘርግታ ነፋሱን በመዳፏ እየተቀበለች እንደ ልጅ ሳቀች። «በዚችማ እስከ መካም እሄዳለሁ» አለች። ለሕክምናውም በዚች መኪና ከሆነ ብቻ እሺ አለች። ልትሄድ የቀረው አንድ ቀን ነው።

ጣሂራ ደሟ ፈላ። «በል መልሰው!» አለችው ባሏን። «አሁኑኑ መልሰው!»

«ፊት ያለው ሙሉ መኪናውን ያቀዘቅዛል፣ ምን ሆነሻል?» አለና ወንድሙን ጠቀሰው። ሙርሳልም ሙዚቃውን ከፍ አደረገው።

ጣሂራ ጆንያውን ከነቱቦው በባጃጅ ጭና ጋራዥ ወሰደችው። መካኒኩ ቦዔዝ ከመተከል የመጣ ሺናሻ ነው፤ አማርኛው ረጋ ያለ፣ ሰውዬውም ረጋ ያለ። ቱቦዎቹን አገላብጦ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ቆርጬዋለሁ፣ እትዬ። የፊቱ እንዲሠራ የኋላውን መስመር ደፈንኩት። መመለስ ይቻላል፤ ግን ቱቦው ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ ከዚያ ጋዝ ይሞላል። ዛሬ ነገ የሚሆን አይደለም።»

«ምነው ቦዔዝ፣ ሳትጠይቅ?»

«ጠይቄያለሁ! እግዜር ያሳይዎት፣ ጠይቄያለሁ። ከኋላ የሚቀመጥ ሰው የለም ወይ አልኩት ባልዎን።» ቦዔዝ ዓይኑን ወደ መሬት አደረገ። «ሴቶቹ ብቻ ናቸው አለኝ።»

ሴቶቹ ብቻ! ቤት እስክትደርስ ይህቺው ቃል ጆሮዋ ውስጥ ስትመላለስ ነበር። ጆንያውን እዚያው ጋራዥ ጥላ ባዶ እጇን ገባች። ሌላ መኪና ትከራይ? እናቷ በማታውቀው መኪና አትገባም። ቅሪ ትበላት? ዓይኗ ይቅር ማለት ነው። ያን ምሽት ለባሏ እራቱን አቀረበችለት፣ ቃል ግን አልተነፈሰችም። ዓብዱልላጢፍም ዝምታዋን እሺታ አድርጎ ወሰደውና ጥሩ እንቅልፍ ተኛ።

በማግስቱ ማለዳ ወጡ። ሙርሳልም «መሣሪያው በመንገዱ እንዳይናጋ ልይ» ብሎ እንደ ልማዱ ከፊት ተቀመጠ። በጠዋት አየሩ ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ ቀርከሃውም ከግራ ከቀኝ ጥላውን ጥሏል። ዓብዱልላጢፍ በመስተዋቱ ወደ ኋላ እያየ «አየሽ? ምን ጎደለ?» ይላታል። ጣሂራ በመስኮቱ ወደ ውጭ ትመለከታለች።

ከሸርቆሌ ወዲያ ያለው መንደር ሲደርሱ ነዕማ ከሱብሒ ሶላት ጀምራ ተዘጋጅታ ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች። የታጠበ ቶቧን ተከናንባ፣ ሽቶ ተቀብታ፣ ለሐኪሞቹ የምትሰጠውን የማር ጀሪካን ጉልበቷ ላይ አቅፋለች። የመንደሩ ሴቶች ሊሸኟት ወጥተዋል። ለሁሉም ነፋስ ስላላት መኪና አውርታላቸዋለችና አንዳንዶቹ እጃቸውን በመስኮቱ አስገብተው ይዳብሳሉ። ዓብዱልላጢፍ እንደ ወጉ ከአማቱ ራቅ ብሎ፣ ፊቱን ወደ ዛፉ አዙሮ «እንደምን አደሩ፣ ሰላም ነዎት?» አለ። ነዕማም እንደ ወጉ ቶቧን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ ወደ መሬት መለሰችለት። በዚያ አገር አማትና አማች ከአንድ ትሪ አይበሉም፣ ጎን ለጎን አይቀመጡም፣ ዓይን ለዓይን አይተያዩም። መከባበር ነው።

ጣሂራ እናቷን ደግፋ ከኋላ አስገባቻት። ዕቃ መጫኛውን የሙርሳል ሳጥን ይዞታልና የማሩ ጀሪካን እዚያው የአሮጊቷ ጉልበት ላይ ቀረ። መኪናዋ ስትነሳ ነዕማ እጇን ወደ ጣሪያው አነሳች። በጣቶቿ ዳበሰች፣ ክቧን መውጫ አገኘቻትና መዳፏን ከሥሯ ዘርግታ ጠበቀች።

«ልጄ፣ ነፋሱ አልመጣም።»

«ይመጣል፣ እማዬ።» ጣሂራ ለገዛ እናቷ ዋሸች፤ ያውም በሌላ ሰው ጥፋት።

ፀሐይ እየከረረ ሄደ። ከፊት ወንድማማቾቹ ፊት ለፊታቸው እየነፈሰላቸው ስለ ሠርግ ያወራሉ፤ በመጪው ሠርግ ሙሽራውን እነሱ እንደሚያጅቡ፣ ከተማው ሁሉ እንደሚያያቸው። ከኋላ ወንበሩ እንደ ምድጃ ግሏል። አምፕሊፋየሩ ደግሞ በጎናቸው የራሱን ሙቀት ይተፋል። መስኮት ከፈቱ፤ ከፊታቸው የሚሄድ የጭነት መኪና አቧራውን አለበሳቸው። መስኮት ዘጉ፤ ታፈኑ። ጣሂራ በሻሿ ጫፍ እናቷን ታራግባለች። ነዕማ ግን እጇን አላወረደችም። ክንዷ እየተንቀጠቀጠ መዳፏ እዚያው ከመውጫዋ ሥር አለ።

«ዓብዱልላጢፍ፣ ፍጥነትህን ጨምር ወይ ጥላ ፈልግና አቁም!»

«ደረስን እኮ። ትንሽ ታገሡ።»

ደረስን! ገና ግማሹን አልሄዱም። ነዕማ እጇ ዱብ ብሎ ጀሪካኑ ላይ ወደቀ። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ አለ፣ ከንፈሯ ደረቀ፣ «አውርዱኝ» አለች በበርትኛ፣ በቀስታ። «ልጄ፣ አውርዱኝ። እንደ አምናው ነው።»

ጣሂራ መኪናዋ ሳትቆም በሩን ከፈተች፤ ዓብዱልላጢፍም ፍሬን ረገጠ። አወረደቻት፣ አንድ ዛፍ ሥር አስተኛቻት፣ ውሃ አጠጣቻት፣ ግንባሯን አረጠበችላት። አሮጊቷ ትንፋሿ ሲመለስ መጀመሪያ የተናገረችው «ጥፋቱ የኔ ነው፣ አስቸገርኳችሁ» የሚል ነው። ቀጥላም «ወደ ቤቴ መልሱኝ። ዓይን ይቅር። ስንት ዓመት አይቻለሁ፣ ይበቃኛል» አለች።

ይበቃኛል አለች! ጣሂራ ይህን ስትሰማ ውስጧ የነበረው ነገር ሁሉ ወጣ።

ዓብዱልላጢፍ ራቅ ብሎ ቆሞ ጭንቅ ይዞታል። «እሺ እንግዲህ፣ ፊት ይቀመጡ» አለ፣ ሌባ ጣቱን ወደ ፊተኛው ወንበር እየቀሰረ። «ፊት ቀዝቃዛ ነው። ሙርሳል ኋላ ይሄዳል።»

ነዕማ አማርኛ ባትችልም ምልክቱ ገባትና ቶቧን እስከ አገጯ ሳበችው። «ከአማቼ ጎን? ያ ረቢ! ከዚያ እዚሁ ብሞት ይሻለኛል።»

«ሰማህ?» አለች ጣሂራ ተነስታ። «ከጎንህ መቀመጥ አትችልም፤ ይህን አንተም ታውቃለህ፣ እናትህ ያሳደገችህ በዚሁ ወግ ነውና። ከኋላ መቀመጥም አትችልም፤ የኋላውን ነፋስ ቆርጠህ ጣልከው! ታዲያ የት ትቀመጥ? ጣሪያ ላይ?»

«ጣሂራ፣ እኔ እኮ አላወቅኩም…»

«የት ታውቃለህ! አንድ ቀን ዞር ብለህ አየህ? ማንም አይጠቀምበትም አልክ። ቦዔዝ ሲጠይቅህ ሴቶቹ ብቻ ናቸው አልክ። ይቺ ናት ማንም! ይቺ የተኛችው! የምትነዳው መኪና ጎማ የሷ ወርቅ ነው፤ ዓይኗን ያጠፋችው ያን ወርቅ ስታጥብ ነው። አሁን ለዓይኗ ስትሄድ መቀመጫ አሳጣሃት፤ ለምን? ሠርግ ላይ ዱም ዱም እንድትል!»

ሙርሳል ሳቅ ሊል ነበር፣ ፊቷን አየና ተወው። «እህቴ፣ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል…»

«ይስማ! አንተ ደግሞ ጺምህን ተላጭ!» መንገዱ ላይ ከዝንጀሮ በቀር ማንም አልነበረም፤ ዝንጀሮዎቹም ቆመው ሰሟት። ጣሂራ ወደ ባሏ ተራመደችና መዳፏን ዘረጋች። «ቁልፍ!»

«ምን ልትሆኚ?»

«ቁልፍ አምጣ አልኩህ። እኔ እነዳለሁ፣ እማዬ ከጎኔ ትቀመጣለች። እናንተ ከኋላ ናችሁ። ወጉም አይፈርስም፣ እሷም አትሞትም።»

ዓብዱልላጢፍ ግራ ቀኙን አየ። የሚያየው ሰው መኖር አለመኖሩን ነበር የሚያጣራው፤ ሰው ግን አልነበረም። አማቱ ዛፉ ሥር ፊቷን ሸፍና በጀርባዋ ተኝታለች፣ ደረቷ ከፍ ዝቅ ይላል። ይህን አየና አንገቱን ደፋ። ቁልፉን ሰጣት።

ጣሂራ እናቷን ከፊት አስቀመጠቻት፣ ቀበቶዋን አሰረችላት፣ ኤሲውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። ስትነሳ መጀመሪያ ማርሹ አስቸገራት፤ ሁለተኛ ማርሽ ስታስገባ ግን ፒክአፑ ትዝ አላትና ክንዷ ራሱ አወቀው። ነዕማ እጇን ወደ ፊት ዘረጋች፣ መውጫውን አገኘች። ፊቷ በራ።

«መጣ!» አለች። «ልጄ፣ ነፋሱ መጣ!»

ሆሞሻን ሲያልፉ ከኋላ አንድ ድምፅ ተሰማ። የዓብዱልላጢፍ ሸሚዝ ገላው ላይ ተጣብቋል፣ ሙርሳል አፉን ከፍቶ በመስኮቱ ስንጥቅ ይተነፍሳል፣ አምፕሊፋየሩ በጎናቸው ይግላል።

«ጣሂራ… እባክሽ፣ ትንሽ ጥላ ላይ አቁሚ። እዚህ እሳት ነው።»

«ደረስን እኮ» አለች ጣሂራ። «ትንሽ ታገሡ።»

ነዕማ ቃሉን ባትሰማም የአማቿ ድምፅ መድከሙ ገባት። «ከኋላ ያሉት ተጎዱ መሰለኝ» አለችና፣ ፊቷን ሳትመልስ፣ በጣቷ የነፋሱን መውጫ ከራሷ ላይ ወደ ኋላ አዞረችላቸው። ዓብዱልላጢፍ ነፋሱ ግንባሩን ሲነካው ዓይኑን ጨፈነ። ጣሂራ ግን እጇን ሰደደችና መውጫውን ወደ እናቷ መለሰችው። ነዕማ እንደገና አዞረችው። ጣሂራ እንደገና መለሰችው። «እማዬ፣ ይሄ ያንቺ ነው! አትንኪው!» አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ፣ እንባዋም በጉንጯ ወረደ። እናቷን ያን ጊዜ አቀፈቻት ማለት አይቻልም፣ መሪ ይዛለችና። ግን ከዚያ በኋላ አሶሳ እስኪደርሱ አንድ እጇ የእናቷ ጉልበት ላይ ነበር።

ሐኪሞቹ ጋ ሲደርሱ ወረፋው ገና አልተዘጋም። ነዕማ በገዛ እግሯ ወረደች፣ የማሩን ጀሪካን አንጠልጥላ፣ የልጇን ክንድ ይዛ ገባች። አንዲት ነርስ ተቀበለቻት፣ የደም ግፊቷን ለክታ «ደህና ነው፣ ነገ ጠዋት እንሠራላታለን» አለች። ጣሂራ አልሐምዱሊላህ ብላ ግድግዳው ላይ ተደገፈች።

ወደ መኪናዋ ስትመለስ ሙርሳል ወርዶ የቧንቧ ውሃ አናቱ ላይ ያፈስሳል። ዓብዱልላጢፍ ግን አልወረደም። በሩን ከፍቶ እዚያው የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ቀና ብሎ እጁን ወደ ጣሪያው ዘርግቶ፣ መዳፉን አንደኛዋ ክብ መውጫ ሥር አድርጎ ይጠብቃል።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«እዚህ ነበር የሚወጣው?»

«እዚያ ነበር።»

ዓብዱልላጢፍ መዳፉን አላወረደም። «እሳቸው መንገዱን ሙሉ እንዲህ አድርገው ነበር። በመስተዋቱ አይቻቸዋለሁ። ምን እንደሚያደርጉ አልገባኝም ነበር።» ስልኩን ከኪሱ አወጣ። «ለቦዔዝ እደውልለታለሁ። ቱቦውን ያስመጣ። ሳጥኑ ይውጣ።»

ከቧንቧው ጋ ሙርሳል «ኧረ ወንድሜ!» ሲል ተሰማ።

ጣሂራ ቁልፉን በመቀነቷ ቋጠረችው። «ደውልለት» አለች። «ቱቦው እስኪመጣ ግን ቦታህ እዚያው ነው። እማዬን ስንመልሳትም ከኋላ ነህ።»